አጥሚቱ ሲቀጥን ልጁም ይቀጥናል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከሰሜን ሸዋ ከተሞች የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ይሁኑ እንጂ ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ ገቢው አልበቃ ባለ ቤት ሕፃን ምን ይብላ? በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 ከመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 ከመቶ ነበር። ገብስ፣ ባቄላና ምስር በሚታፈስበት አገር ይህ መሆኑ ብቻ፣ ጉዳዩ የእህል መኖርና አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

«ልጄ ስምንት ወሩ ነው። ፋብሪካ በፈረቃ ስለምሠራ የሚውለው ከእናቴ ጋር ነው። ጠዋት አጥሚት አፍልቼ በፔርሙስ ሞልቼ እሄዳለሁ፤ እማዬ በጡጦ ታጠጣዋለች። ይጠጣል፣ አያስቸግርም። ግን ሁለት ወር ሙሉ ኪሎው ፈቀቅ አላለም። ጤና ጣቢያ ‹የተመጣጠነ ስጪው› ብለው መለሱኝ። ምን አጉድዬበት ነው?»
— እናት፣ ደብረ ብርሃን

ያጎደሉበት ውፍረቱን ነው። የሕፃን ሆድ በአንድ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዝ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ አንድ ብርጭቆ ነው ማለት ነው። ያቺ ብርጭቆ በምን ትሞላ? በአንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት የገባበት አጥሚት 70 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። በዚያው ውኃ ስድስት ማንኪያ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ቢገባበት ከ200 ያልፋል።

ጡት የሚጠባ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ልጅ ከጡቱ ሌላ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከምግብ ይፈልጋል። ከዘጠኝ እስከ 11 ወር 300፣ ዓመት ካለፈው በኋላ 550 ይደርሳል። ያንን 200 በቀጭን አጥሚት ለማግኘት ልጅዎ ሦስት ሙሉ ብርጭቆ መጠጣት አለበት፤ ሦስት ብርጭቆ ከጠጣ ደግሞ ጡት የሚገባበት ቦታ የለውም። የማያስቸግረውም ለዚህ ነው። ሆዱ ሞልቷል፤ የሞላው ግን በውኃ ነው።

አጥሚቱን ያቀጠነው አንዱ ጡጦው ራሱ ነው። ወፍራም ከሆነ በጡጦው ጫፍ ቀዳዳ አያልፍም፤ ስለዚህ አያት ሳትወድ በግድ ውኃ ትጨምርበታለች። ጡጦ አንገቱና ጫፉ በቀላሉ ስለማይጸዳ ተቅማጥም ያመጣል። ጡጦውን ይተዉት። በትንሽ ሳህንና በማንኪያ ይብላ። ልኩ ይህ ነው፦ ገንፎውን በማንኪያ አንስተው ማንኪያውን ዘንበል ሲያደርጉት ከላዩ ቶሎ የማይንጠባጠብ፣ እየተጎተተ የሚወርድ። በስምንት ወሩ የአንድ ብርጭቆ ግማሽ ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከበላ ይበቃዋል፤ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ከሦስት እስከ አራት ጊዜና በመሐሉ አንድ ሁለት መክሰስ።

ፔርሙሱ ሌላው ችግር ነው። አጥሚት በፔርሙስ ሲውል አይቀዘቅዝም፤ ትኩስም ሆኖ አይቆይም፤ ለብ ይላል። ለብ ያለ ገንፎ ደግሞ ለጀርም ከዚያ የተሻለ ቤት የለውም። ፔርሙሱን አይጣሉት፤ የሚገባበትን ይቀይሩ። የፈላ ውኃ ሞልተው ይሂዱ። የእያንዳንዱን ምግብ ዱቄት (የግማሽ ብርጭቆዋ ድርሻ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው) በንጹሕ ዕቃ ለየብቻ ለክተው ይተዉላቸው። እናትዎ ዱቄቱን በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው በፔርሙሱ ውኃ ላይ ካማሰሉት በትንሽ እሳት ይበስላል፤ ከሰሉም ይቆጠባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ወፍራም ሲሆን ይተፋዋል፣ አይውጥለትም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ግን ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ብቅል። ብቅል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የገንፎውን ስታርች ይሰባብረዋል፤ ወፍራሙ ገንፎ ውኃ ሳይጨመርበት ይለሰልሳል። ዱቄቱ እዚያው ነው፣ ጉልበቱም እዚያው ነው፤ አወራረዱ ብቻ ይቀልላል።

ለጠላ ተብሎ ከገበያ የሚገዛውን ብቅል ግን ለሕፃን አይጠቀሙ፤ አቧራና ሻጋታ አያጣውም። ቤት ይሠራል። አንድ ብርጭቆ ያልተፈተገ ገብስ ለቅመው፣ አጥበው፣ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉት። ውኃውን ደፍተው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እያርከፈከፉ ያቆዩት። ቆላ ላይ በሦስተኛው ቀን ይበቅላል፤ ደብረ ብርሃን ብርዱ ስለሚያዘገየው አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ሥሩን በእጅ አሽተው ያራግፉ፣ ይፍጩት። ምጣድ ላይ አይቁሉት፤ ከተቆላ ያ የሚፈልጉት ንጥረ ነገር ይሞታል፣ ዱቄቱም ተራ ዱቄት ይሆናል። ማሽላም አያብቅሉ፤ የበቀለ ማሽላ ሥርና ቡቃያው ላይ መርዛማ ነገር ይፈጠራል።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀቱን ነው። ገንፎውን አብስለው ከእሳት ያውርዱ። እየፈላ እያለ ብቅሉን ቢጨምሩበት አይሠራም፤ ቀዝቅዞም አይሠራም። እንፋሎቱ በረድ ብሎ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ለአንድ ብርጭቆ ገንፎ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረው ያማስሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማማሰያው ሲቀልል እጅዎ ይነግርዎታል። ከዚያ መልሰው እሳት ላይ ጥደው አምስት ደቂቃ ያንተክትኩት። ይህ የመጨረሻው ማፍላት አይዘለልም፤ በእርጥብ ጨርቅ የበቀለ እህል ጀርም ስለሚይዝ።

ጡቱንም አይርሱት። ከመሄድዎ በፊት ጡት ይስጡት፣ እንደገቡ ይስጡት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደፈለገ ይጥባ። የታለበ የጡት ወተት በተከደነ ንጹሕ ዕቃ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በስኒ ይሰጠው።

«ለልጄ ምጥን ላስፈጭ ነው። ጎረቤቶቼ 12 ዓይነት እህል ካልገባበት አይጠቅምም ይሉኛል። 12ቱን መግዣ ግን የለኝም። ስንቱን ብተው ይሻላል?»
— እናት፣ እነዋሪ

ስምንቱን ቢተዉ ልጅዎ ምንም አይጎድልበትም። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ ብለው ስምንት ይቆጥራሉ፤ ለልጁ ሰውነት ግን ሁሉም አንድ ወገን ናቸው። ቁጥሩ የሚቆጠረው በምግብ ወገን ነው። ወገኖቹ ስምንት ናቸው፦ የእናት ጡት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬ፤ ወተትና እርጎ፤ ሥጋ፣ ጉበትና ዓሣ፤ እንቁላል፤ ቢጫና ጥቁር አረንጓዴ አትክልትና ፍራፍሬ (ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ማንጎ)፤ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ ከስምንቱ ቢያንስ አምስቱን መቅመስ አለበት። የ12 እህል ገንፎ የሚያስቆጥረው ቢበዛ ሁለት ነው። ከአራት በማይበልጥ እህል ምጥኑን ሠርተው ለቀሩት ስምንት ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ለእንቁላልና ለጎመን ያውሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጣሳ ይለኩ፤ ሦስት ጣሳ ከእህል ወገን፣ አንድ ጣሳ ከጥራጥሬ። ለምሳሌ ሁለት ጣሳ ስንዴ፣ አንድ ጣሳ ገብስ ወይም አጃ፣ አንድ ጣሳ ባቄላ (ወይም አተር፣ ወይም ሽምብራ)። ገብሱ ይፈተግ፤ ገለባው የሕፃን ሆድ ያውካል። ባቄላው ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ተልጦ፣ ደርቆ፣ ለየብቻ ለስለስ ባለ እሳት ይቆላ። ሽታው ሲወጣ ይውረድ፤ ከጠቆረ የፕሮቲኑ ጥሩ ክፍል ይበላሻል። ስንዴውና ገብሱም እንዲሁ ሶምሶም ይደረግ።

ወፍጮ ቤት ስትደርሱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። የበርበሬ ወይም የሽሮ ትራፊ ያለበት ድንጋይ የሕፃን ዱቄት አይነካም፤ ስንዴ ወይም ጤፍ ከተፈጨበት በኋላ ተራ ያዙ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አታስፈጩ። ኑግ፣ ሰሊጥ ወይም ለውዝ አብራችሁ አታስፈጩ፤ ዘይት ስላላቸው ዱቄቱን ቶሎ ያበላሹታል። ለውዝ ከወደዳችሁ የጠቆረውንና የተሸበሸበውን ለቅማችሁ፣ ለየብቻ ወቅጣችሁ፣ ገንፎው ላይ ጨምሩበት።

ከእነዋሪ ስለጻፉ ደግሞ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ጓያ ይዘራል፤ ከሌላው ጥራጥሬ ስለሚረክስም ሽሮ ውስጥ መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ያሰናክላል፤ ያ ሽባነት ደግሞ አይመለስም። መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ለሕፃን ዱቄት የተፈጨ ሽሮ አይግዙ። ፍሬውን ገዝተው፣ በዓይንዎ አይተው ያስፈጩ። የጓያ ፍሬ ማዕዘን ያለው ነው፣ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል፤ አተር ድቡልቡል ነው።

«እዚህ ማሾ በየቤቱ አለ፤ እኛ ግን የምናመርተው ለገበያ ነው እንጂ አንበላውም። ለሕፃን ይሆናል?»
— አባት፣ ሸዋ ሮቢት

በጣም ይሆናል። ማሾ በ100 ግራም 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ከባቄላ ቶሎ ይበስላል፤ ሆድም ብዙ አይነፋም። ለቅመው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውኃ ፍሬው በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቅሉት። ስድስትና ሰባት ወር ላለው ልጅ በወንፊት አሽተው ልጣጩን ያስቀሩ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ በሹካ መደፍጠጥ ይበቃዋል። አንድ እፍኝ ማሾ፣ አንድ መካከለኛ ድንችና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጥሩ ምሳ ነው።

ማንጎው አጠገብዎ ስለሆነ ከማሾው አያርቁት። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በራሱ ብዙም ወደ ደም አይገባም፤ የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው። ከምሳው ጋር ሁለት ሦስት ቁራጭ የበሰለ ማንጎ ወይም ፓፓያ ከበላ ብረቱ በተሻለ ይገባል፤ ለዓይኑ የሚሆነውንም ቫይታሚን ኤ ከዚያው ያገኛል። በሻይ ከሸኙት ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ሻይ ብረቱን ይዞ ይወጣል። በእናንተ አገር ሙቀት፣ የበሰለ የልጅ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የተረፈውን ለሌላው ሰው ስጡት።

«በጾም ለልጄ እንቁላል መስጠት እፈልጋለሁ፤ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። አማቴ ደግሞ ድስታችን ይነካካል፣ አይሆንም አሉ። ከእሳቸውም መጣላት አልፈልግም።»
— እናት፣ መሐል ሜዳ

አማትዎ የተቃወሙት የልጅቷን መብላት ሳይሆን የድስቱን መነካት ነው፤ ይህን ለይተው ካዩት ነገሩ ቀላል ይሆናል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፤ ይህን የንስሐ አባታችሁም ይነግሯችኋል፤ ሲመጡ አማትዎ ባሉበት ቢጠይቋቸው ጥሩ ነው።

ድስቱን በተመለከተ እንቁላል የራሱ ዕቃ አለው፤ ቅርፊቱ። ከነቅርፊቱ ውኃ ውስጥ ሲቀቀል ድስቱን የሚነካው ምግብ የለም። ውኃው ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ መሐል ሜዳ ከፍታው ብዙ ስለሆነ ውኃው የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢጨምሩበት አይከፋም። ከዚያ በልጅቷ በራሷ ሳህን ላይ ልጠው አስኳሉንም ነጩንም ደፍጥጠው ገንፎው ላይ ያዋህዱት። ሳህኗና ማንኪያዋ ለየብቻ ይታጠቡ፣ ለየብቻ ይቀመጡ። ለወተት አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሌላ ወጪ የለውም።

በጾም ፈላጊው ስለሚቀንስ እንቁላልና ወተት ይረክሳሉ። ልጅ ላለው ቤት ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ብዙው ቤት ግን ያኔ ነው ልጁንም አብሮ የሚያስጾመው። ሲገዙ እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ይክተቱት፤ ወለሉ ላይ የተኛው ትኩስ ነው፣ የተንሳፈፈው ይጣል። እርስዎስ ያጠባሉ? የምታጠባ እናት ከወትሮዋ በላይ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትፈልጋለች። አንድ እንጀራ ከሽሮ ጋር እንደ መጨመር ነው። ስለራስዎም ጾም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

«ጥበቃ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ስምንት፣ ትንሿ ሁለት ዓመቷ ነው። ደመወዜ ከወሩ 20 አያልፍም። ሲያጥረን መጀመሪያ እንቁላሉን፣ ቀጥሎ አትክልቱን፣ ቀጥሎ ዘይቱን እናቆምና በእንጀራና በሽሮ እንጨርሳለን። የቱን ማስቀረት ይሻል ነበር?»
— አባት፣ ደብረ ብርሃን

ደመወዝዎ አነስተኛ ነው፤ እኛ የምንነግርዎት ነገር ደመወዙን አይጨምረውም። ቅደም ተከተሉን ግን መቀየር ይቻላል።

መጀመሪያ የሚቀረው የታሸገ ነገር ይሁን። የአንድ ፓኬት ብስኩትና የአንድ ለስላሳ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሁለት እንቁላል ዋጋ ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ስኳርና ነጭ ዱቄት እንጂ ሌላ የላቸውም። ቀጥሎ የአዋቂዎቹ ሥጋና እንቁላል ይቅር። የመጨረሻ መነካት ያለበት የትንሿ ልጅ እንቁላል ነው፤ በቀን አንድ ባይቻል በሳምንት ሦስት። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ በሽሮና በጎመን ይቋቋማል። የሁለት ዓመቷ ግን አሁን ያጣችውን ቁመት በኋላ አታካክሰውም። ዘይቱንም አያቁሙ፤ በእርሷ ድርሻ ላይ በየምግቡ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይሁን።

ጥራጥሬን በኪሎ ዋጋው ብቻ አይፍረዱበት፤ በፕሮቲኑ ይመዝኑት። አንድ ኪሎ ምስር ወይም ባቄላ 240 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም። የዛሬውን የምስር ዋጋ ለ40 አካፍሉትና ከአንድ እንቁላል ዋጋ ጋር አስተያዩት። እንቁላል ውስጥ ያለውን ሁሉ ባቄላ አይተካም፤ ለትልልቆቹ ግን ሆዳቸውንም ሰውነታቸውንም ይይዛል። ባቄላ ደብረ ብርሃን ላይ አልበስል ብሎ ከሰል ይፈጃል የሚባለው እውነት ነው፤ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና ከዚያ አይወጣም። መፍትሔው ሙሉ ፍሬውን አለመቀቀል ነው። ሌሊት የተዘፈዘፈ ክክ ወይም ዱቄት ይጠቀሙ።

እህል በየኪሎው ከሱቅ መግዛት በጣም ያስወድዳል። አዝመራ ገብቶ ዋጋ ከሚወርድበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ መግዛትና ነሐሴ ላይ መግዛት አንድ አይደለም። በአንድ ጊዜ ኩንታል የሚገዛ አቅም ከሌለ ከአራት አምስት ጎረቤት ጋር የእህል ዕቁብ ይግቡ፤ በየወሩ በሚወጣው ገንዘብ አንዱ ኩንታል ገዝቶ ይካፈላል፣ ወይም የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ቀበሌ በጋራ ይገዛሉ።

ገበታው ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ሦስቱ ልጆች ከአንድ ትሪ የሚበሉ ከሆነ ትንሿ ተሸናፊ ናት። የስምንት ዓመቱ ሦስት ጉርሻ ሲውጥ እርሷ አንዱን አላምጣ አልጨረሰችም። የራሷ ሳህን ይኑራት፤ ወጡ ከታች፣ እንጀራው ተቆራርሶ ከላይ፤ እናት አጠገቧ ትሁን። ወጪ የሌለው ለውጥ ይህ ነው፤ ከሁሉ ቶሎ ውጤት የሚያሳየውም ይኸው ነው።

ክንዷንም በየወሩ ይለኩ። ጤና ጣቢያ ቀለማት ያለበት የክንድ መለኪያ አለ፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይዛም ትዞራለች። የግራ ክንድ፣ በትከሻ ጫፍና በክርን መካከል፣ እጇ ዘና ብሎ ወርዶ፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ደኅና ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው መካከለኛ ምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 በታች ከወረደ ቀን ሳይቆጥሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ሁለቱንም እግሮቿን ከላይ በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ተጭነው ሲለቁ ጉድጓዱ ከቀረም እንዲሁ። ያበጠ ልጅ «ወፈረች» ተብሎ ቤት መቆየቱ ነው ብዙዎቹን ያዘገየው። የከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

በመጨረሻም ወደ ቀበሌ ይሂዱ። ችግረኛ የከተማ ነዋሪን የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በሚሠራበት ከተማ የመመልመያው ዝርዝር የሚወጣው ከቀበሌ ነው፤ ምዝገባ ሲኖር የቤተሰብ ብዛትና ገቢ ይጠየቃል። ለመክፈል አቅም ላጣ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም የሚሸፈንበት መንገድ አለ፤ ልጅ ሲታመም የእህሉ ገንዘብ ለመድኃኒት የሚወጣው ይህ ሳይያዝ ሲቀር ነው።

«ለልጄ ጤና ጣቢያ ፕላምፒ ነት ሰጡኝ። ታላቅ እኅቷም አምጡ ትላለች፤ አሳዘነችኝና አካፍላቸዋለሁ። ጉዳት አለው?»
— እናት፣ ደብረ ሲና

ለታላቋ ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው የታመመችውን ነው። ፕላምፒ ነት በከፋ የምግብ እጥረት ለታመመ ልጅ የሚታዘዝ፣ ከለውዝ የተሠራ ምግብ ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ በቀን ስንት እንደምትበላ የተሰላው በእርሷ ኪሎ ነው። ግማሹን እኅቷ ከበላች በሚቀጥለው ሳምንት ሲመዝኗት አልጨመረችም ተብሎ ወደ ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። የታዘዘላትን መድኃኒት ለእኅቷ እንደማያካፍሉት ሁሉ ይህንንም አያካፍሉ። ጡት ካለ መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ፕላምፒ ነት፣ ከዚያ ከተረፈ ሌላ ምግብ። ከረጢቱን በእጅ እያሹ በትንሽ በትንሹ ያስልሷት፤ ውስጡ ውኃ ስለሌለው በየመሐሉ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ትጠጣ። ያልጨረሰችውን አጥፈው ይያዙት። ለታላቋ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቆሎ ወይም በሶ በእጇ ይኑር፤ የምትፈልገው መብላቱን እንጂ ጣዕሙን ብቻ አይደለም።

«ተከራይ ነኝ፤ መሬት የለኝም። ለልጆች ጎመን በግቢ ማብቀል ይቻላል?»
— እናት፣ ደብረ ብርሃን

በማዳበሪያ ከረጢት ይቻላል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እፍኝ አመድ ያደባልቁ። ከረጢቱ መሐል ላይ ታችና ላዩ የተከፈተ ቆርቆሮ አቁመው ውስጡን በጠጠር ይሙሉ፣ ዙሪያውን በአፈር። አፈሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮውን ወደ ላይ እየሳቡ ይቀጥሉ፤ መጨረሻ ላይ መሐሉን የጠጠር ምሰሶ ይዞ ይቀራል። ያ ካልተሠራ ውኃው ላይ ላዩን ይቀርና የታችኛው ችግኝ ይደርቃል። ጎኑን በየስንዝሩ ሰንጥቀው ችግኝ ይትከሉ። ሳሙና ያልነካው የእህልና የአትክልት እጣቢ ውኃ ይበቃዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር የደብረ ብርሃን ውርጭ ቲማቲምና ቃሪያን ያቃጥላል፤ የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን ይችሉታል። ማታ ማታ በጆንያ ይሸፍኗቸው። ሲለቅሙ የውጪውን ቅጠል ብቻ፤ መሐሉን ካልነኩት ለወራት ይሰጣል። ለልጁ በደቃቁ ከትፈው በዘይት፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ለአጭር ጊዜ ያብስሉት፤ ያለ ዘይት የጎመኑ ቫይታሚን ኤ በደንብ አይመጠጥም። ጨውዎ አዮዲን ያለው ይሁን፤ የሚጨመረውም ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው።

በአጭሩ

ማር ለስድስት ወር ልጅ፦ ዓመት ሳይሞላው በጭራሽ፤ ውስጡ ያለው ጀርም የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ይሠራል።

የላም ወተት በዋና መጠጥነት፦ ከዓመት በኋላ፤ ያም ፈልቶ። ገንፎ ማብሰያ ሆኖ በትንሹ ከስድስት ወር ጀምሮ ይቻላል።

አብሽና ጤና አዳም ለአራስ ሕፃን፦ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አይሰጠው፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሲቀር።

ተቅማጥ ላይ ምግብ ማቆም፦ አይቆምም። አንዱን የኦአርኤስ (የሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት፤ የዚንኩን እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም አሥሩንም ቀን ይስጡት። ካገገመ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ምግብ ይጨመርለት።